ከአኖሬክሲያ በማገገም ላይ ሳለሁ መሮጥ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አኖሬክሲያ እንዳለብኝ ከተነገረኝ ጊዜ ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል ሥር ቆይቻለሁ። ክብደቴ በአብዛኛው ተመልሷል፤ የወር አበባዬ ግን ገና አልመጣም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ማለዳ 11 ሰዓት ተነሥቼ መስቀል አደባባይ እሮጣለሁ። ሳልሮጥ በዋልኩበት ቀን ምሳ መብላት ይከብደኛል። ሆዴ ብቻ ተለይቶ የወፈረ ይመስለኛል። ሰዓቴ የልብ ምቴ 46 እንደሆነ ያሳያል፤ አብራኝ የምትሮጠው ጓደኛዬ “ይህ የሯጭ ልብ ነው” ትለኛለች። እናቴም ስፖርት መጀመሬን የመዳኔ ምልክት አድርጋ ነው የምታየው። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ መመዝገብ እፈልጋለሁ። ስፖርትን ጤናማ በሆነ መጠን መሥራት የምችለው እንዴት ነው? የጾም ወቅት ሲመጣስ ከጾሙና ከስግደቱ ጋር እንዴት ላድርገው?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ላስረዳ። አሁን ባሉበት ሁኔታ ሩጫውን ለጊዜው እንዲያቋርጡ፣ ለዘንድሮው ውድድርም እንዳይመዘገቡ እመክርዎታለሁ። የወር አበባዎ አለመመለሱ፣ የልብ ምትዎ ዝቅ ማለቱ እና ሳይሮጡ በዋሉበት ዕለት ምሳ መብላት የሚከብድዎ መሆኑ በአንድ ላይ ሲታዩ፣ ሕመሙ መልኩን ለውጦ በሩጫው በኩል እንደቀጠለ እንድጠረጥር ያደርጉኛል። ስፖርት ለዘለቄታው ተከልክለዋል ማለቴ ግን አይደለም። ወደ እንቅስቃሴ መመለስ የሕክምናው አንድ አካል ነው፤ ሆኖም ቅደም ተከተል አለው፤ ያ ቅደም ተከተል ሲዛባ ጉዳቱ የሚያርፈው በልብና በአጥንት ላይ ነው።

አኖሬክሲያን ብዙ ሰው ምግብ የመተው ሕመም አድርጎ ብቻ ይረዳዋል። ነገር ግን በ1873 እ.ኤ.አ. ሕመሙን በየፊናቸው የገለጹት የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ጋል እና የፓሪሱ ሐኪም ሻርል ላሴግ፣ በምግብ እጦት እጅግ የከሱት ታካሚዎቻቸው ደክሟቸው በመተኛት ፈንታ ያለ ዕረፍት ይንቀሳቀሱ እንደነበር በመገረም ጽፈዋል። ከዚህ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በታተመ የቤተ ሙከራ ሥራ፣ በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ምግብ የሚቀርብላቸውና በቀሪው ጊዜ የሚሽከረከር መሮጫ የተተወላቸው አይጦች ከቀን ወደ ቀን ሩጫቸውን እየጨመሩና ምግባቸውን እየቀነሱ ሄደው ለሞት እስከሚያደርስ ደረጃ ከሱ፤ መሮጫው ያልነበራቸው አይጦች ግን ከዚያው የአንድ ሰዓት ምግብ ጋር ተላምደው መኖር ቻሉ። ሰው አይጥ አይደለምና ከዚህ በቀጥታ ወደ እርስዎ መሻገር አይቻልም። ቢሆንም የተራበ ሰውነት በአንዳንድ ፍጡራን ላይ «ተነሥ፣ ሂድ» የሚል ግፊት እንደሚፈጥር፣ ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን መቀነስም ለዚህ ግፊት አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይህን የማነሣው ማለዳ 11 ሰዓት ከአልጋ የሚያስነሣዎትን ኃይል በጽናትዎ ወይም በድክመትዎ ብቻ እንዳይመዝኑት ነው። የዚያ ግፊት አንድ ክፍል የሕመሙ ምልክት ነው፤ ሰውነት በበቂ ሁኔታ ሲመገብና ክብደት ሲረጋጋ ደግሞ በብዙ ሰዎች ላይ እየላላ ይሄዳል።

አሁን ወደ ልብዎ ልምጣ፤ ከጻፉት ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ እርሱ ነውና። ጓደኛዎ የተናገረችው በቅንነት ነው፤ ለረጅም ዓመታት የሠለጠነ ሯጭ ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም የመርጨት አቅም ስለሚያዳብር በዕረፍት ጊዜ በዝግታ ሊመታ ይችላል። ነገር ግን በረሃብም ልብ ይዘገያል። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው አንሰል ኪስና ባልደረቦቻቸው የ36 ጤናማ ወጣት ወንዶችን ምግብ በፈቃዳቸው ለ6 ወራት በብዙ ቀንሰው በተከታተሉበት ጊዜ፣ ሰዎቹ ከክብደታቸው ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ሲያጡ የልብ ምታቸው በአማካይ በደቂቃ ወደ 35 አካባቢ ወርዶ ነበር። ያ ምት ከልምምድ የመጣ አልነበረም፤ ሰውነት ጉልበት ለመቆጠብ ሲል ልብን አዘግይቶ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ልብ ከመዘግየቱም በላይ ጡንቻው ራሱ ይሳሳል፤ ስለዚህ የሯጭ ልብና የተራበ ልብ በሰዓትዎ ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ቢያሳዩም በውስጣቸው ተቃራኒ ናቸው ማለት ይቻላል።

ሁለቱን ለመለየት ሐኪም የሚጠቀምበት ቀላል መንገድ አለ። ታካሚዋ ለተወሰኑ ደቂቃዎች በጀርባዋ ተኝታ የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ይለካል፤ ከዚያ ቆማ እንደገና ይለካል። የሠለጠነ ልብ ለመቆምም ሆነ በክፍሉ ውስጥ ጥቂት ለመራመድ የሚጨምረው ምት አነስተኛ ነው። የተራበ ልብ ግን ሰውነቱ ሲቆም ወይም ጥቂት ሲራመድ በድንገት ሊፈጥን ይችላል። በአዋቂ ሰው ላይ በመቆም ብቻ ምቱ በደቂቃ ከ30 በላይ ከጨመረ፣ ወይም የላይኛው የደም ግፊት ከ20 በላይ ከወረደ፣ ወይም ነቅቶ ባለበት ሰዓት ምቱ ከ50 በታች ከሆነ፣ የአመጋገብ ሕመም ያለበት ሰው በሐኪም ሳይመረመር ስፖርት መሥራት የለበትም። እርስዎ በዚህ በመጨረሻው መመዘኛ ውስጥ ገብተዋል። የእጅ ሰዓት ሊሳሳት ስለሚችል 46ቱን እንደ መጨረሻ እውነት አልወስደውም፤ ነገር ግን ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ለማስነሣት ከበቂ በላይ ምክንያት ነው። ከኢሲጂው ጋር በደም ውስጥ የሚገኙት የፖታሲየም፣ የማግኒዥየምና የፎስፌት መጠኖች መታየት አለባቸው። ከምግብ በኋላ ማስመለስ ካለ፣ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚወሰድ ከሆነ፣ ለሐኪሙ ሳይሸሽጉ መናገር የግድ ነው፤ ፖታሲየም ሲያንስ የልብ ምት ሊዛባ ይችላልና በዚያ ላይ መሮጥ አደጋውን ያብሰዋል። የሰዎች ክብደት የደህና ሰው መስሎ ሳለ ይህ ችግር ሊኖር እንደሚችል ብዙ ቤተሰብ አያውቅም።

ሁለተኛው የማሳስብዎ ጉዳይ የወር አበባዎ ነው። ሰውነት ከሚያገኘው ምግብ የሚተርፈው ጉልበት ሲያንስ፣ ገቢው የቀነሰበት ቤተሰብ የቤት ኪራዩን ከፍሎ የቀረውን ወጪ እንደሚያጥፍ ሁሉ፣ ለልብና ለአንጎል ድርሻቸውን ሰጥቶ መራባትን፣ የአጥንት ግንባታን፣ የሙቀት መጠበቅንና የበሽታ መከላከልን ይቀንሳል። አንጎል ወደ እንቁላል እጢዎች የሚልከው ትእዛዝ ይቋረጣል፤ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል፤ የወር አበባ ይቆማል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ይህንን በስፖርተኞች ላይ የሚታይ የጉልበት እጥረት ወንዶችንም ሴቶችንም የሚነካ የጤና ችግር አድርጎ በሰፊው ገልጾታል፤ በ2018 እና በ2023 ደግሞ አሻሽሎታል። ከዚህ ውስጥ ለእርስዎ የሚጠቅመው ዋና ሐሳብ እጥረቱ ከሁለት በኩል ሊመጣ መቻሉ ነው፤ ሰው ምግቡን ሳይቀንስ እንቅስቃሴውን ብቻ ቢጨምር ሰውነቱ በረሃብ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሥነ ምግብ ባለሙያዎ ያዘጋጁልዎ የምግብ ዕቅድ ማለዳ የሚሮጥ ሰው ታስቦ ካልተሠራ፣ ሁሉንም ሳያስቀሩ ቢበሉ እንኳን ሩጫው የወር አበባዎን መመለስ ሊያዘገየው ይችላል። ይህ ደግሞ ስለ ሩጫው ለባለሙያዋ ነግረዋት እንደሆነ እንድጠይቅዎ ያስገድደኛል። ካልነገሯት፣ የመጀመሪያው ሥራ እርሱ ነው።

ኢስትሮጅን ለረጅም ጊዜ ሲያንስ አጥንት ይሳሳል። የሰው አጥንት ጥንካሬውን የሚያከማችበት ዋናው ዘመን የጉርምስናና የወጣትነት ዕድሜ ነው፤ በ20ዎቹ መገባደጃ ላይ ያለው ክምችት ለቀሪው ዕድሜ መነሻ ይሆናል። ስፖርት አጥንት ያጠነክራል የሚለው ምክር ለጤናማ ሰው ትክክል ነው፤ በቂ ምግብና ሆርሞን በሌለበት ሁኔታ ግን የሩጫው ተደጋጋሚ ጫና አጥንቱ ራሱን ከሚጠግንበት ፍጥነት ሊበልጥ ስለሚችል፣ በእግር መዳፍ፣ በቅልጥም አንዳንዴም በዳሌ አጥንት ላይ ስንጥቅ ያስከትላል። በአንድ ቦታ ላይ የሚሰማ፣ ሲረግጡት የሚብስና በዕረፍት የሚቀል ሕመም ካለ እየሮጡ ማለፍ ፈጽሞ አይገባም። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር እንደሚያልፍ አይርሱ፤ በዚህ ከፍታ መሮጥ ልብንም ሳንባንም የበለጠ ያሠራል፤ የብረት ማዕድን ፍላጎትም ይጨምራል። የወር አበባዎ ከቆመ ከስድስት ወር በላይ ስለሆነ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። አንዳንድ ሴቶች የወር አበባ እንዲመለስ የወሊድ መከላከያ እንክብል ይሰጣቸዋል፤ በእንክብሉ የሚመጣው መድማት ሰውነት በራሱ ያመጣው የወር አበባ አይደለም፤ በአኖሬክሲያ የሳሳውን አጥንትም እንደማይመልስ በጥናት ታይቷል። ጉዳቱ መልካም ዜና መስሎ እውነተኛውን ምልክት መሸፈኑ ነው።

ስለ ሆድዎ የጻፉትን በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም፤ ብዙ ሰዎች ወደ ሕመሙ የሚመለሱት በዚህ በር ነው። ከረሃብ በሚያገግም ሰው ላይ ስብ ከጡንቻ ቀድሞ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ላይም በሆድ አካባቢ የመሰብሰብ ዝንባሌ አለው። በሚኒሶታው ጥናት የተሳተፉት ወንዶችም እንደገና መመገብ ሲጀምሩ የስባቸው መጠን ከበፊቱ በልጦ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተስተካክሏል፤ ያልተለመደ ረሃባቸውም ለወራት ቆይቷል። በአኖሬክሲያ ያገገሙ ሴቶች ላይ የተደረጉ ክትትሎች፣ ጤናማው ክብደት ሳይዋዥቅ ከተጠበቀ የሆዱ ቅርጽ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ ሚዛኑ እንደሚመለስ ያሳያሉ። በሌላ አነጋገር የሚያስጨንቅዎ ሆድ የማገገሙ አንድ ምዕራፍ ነው፤ የሚያስተካክለውም በቂ ምግብና ጊዜ ነው። ሆዱን ለማጥፋት መሮጥ ሰውነቱን ወደ ረሃቡ መልሶ ያንኑ ምዕራፍ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ዙሪያው የሚሰጠው አስተያየት ይህን እንደሚያከብደው እገነዘባለሁ፤ «ሞላ ብለሻል፣ አማረብሽ» የሚሉ አክስት በፍቅር ያመሰግኑዎታል፤ በሕመሙ ጆሮ ግን ቃሉ ስድብ ሆኖ ይገባል። ለቅርብ ቤተሰብዎ «ስለ ሰውነቴ መልክ በክፉም በደጉም አትንገሩኝ» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነውር የለበትም።

እስካሁን የተናገርኩት በምርመራ ሊታይ ስለሚችለው ነው። የልብ ምትዎ ቢስተካከል፣ የወር አበባዎ ቢመለስ፣ አጥንትዎ ቢጠነክር እንኳን የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምሰጠው ክብደት ለዚህ ነው። ሩጫውን መተው ይችላሉ ወይ? ጤናማ ስፖርትን ከሕመሙ የሚለየው የኪሎ ሜትሩ ብዛት አይደለም። በሳምንት አምስት ቀን እየሮጠች ጤነኛ የሆነች ሴት አለች፤ በቀን ሃያ ደቂቃ ብቻ እየተራመደች ሕመሙ የሚመራት ሴትም አለች። ጤነኛዋ ዝናብ ቢጥል፣ እንግዳ ቢመጣ፣ ጉንፋን ቢይዛት ትተወዋለች፤ ትንሽ ቅር ይላትና ቀኗ ይቀጥላል፤ ምሳዋም እንደተለመደው ይበላል። ሕመሙ የሚመራት ሴት ግን የቀረውን ሩጫ ማታ በክፍሏ ውስጥ ትከፍላለች፤ ወይም ከሚቀርብላት ምግብ ላይ ትቀንሳለች፤ ወይም ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ ታክሲ መያዝ ሲገባት በእግሯ ትሄዳለች። እርስዎ «ሳልሮጥ በዋልኩበት ቀን ምሳ መብላት ይከብደኛል» ብለው ሲጽፉ ምሳው የሩጫው ደመወዝ ሆኗል ማለትዎ ነው። ምግብ በሥራ የሚገኝ መብት ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ምንም ዓይነት ስፖርት፣ ቀላሉም ቢሆን፣ ሚዛናዊ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ሳይሮጡ መብላት ነው። ከሩጫ በሚያርፉባቸው ቀናት፣ ልክ እንደ ሮጡ ቀን፣ ሦስቱንም ገበታና በመካከል የታዘዙልዎትን መክሰሶች ሳያስቀሩ ይበሉ። የሚመጣው ጭንቀት ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ብቻዎን አያሳልፉት፤ ከሰው ጋር ይቀመጡ፣ ቡና ይፈላ፣ ወሬ ይኑር። ጭንቀቱ በአብዛኛው ከፍ ብሎ ከዚያ በራሱ ይወርዳል፤ ሰውነት በተደጋጋሚ ይህን ሲያይ መብላትንና መሮጥን ያገናኘው ሰንሰለት ይላላል። ይህ ሥራ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቢሆን ይመረጣል። ሰዓቱንም ለጊዜው ከእጅዎ እንዲያወልቁ እጠይቅዎታለሁ፤ እርምጃና ካሎሪ የሚቆጥር መሣሪያ ለዚህ ሕመም ነዳጅ ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስንት ካሎሪ መብላትም ሆነ ማቃጠል እንደሚገባ አንድም ቁጥር ያልሰጠሁት ሆን ብዬ ነው።

ሐኪምዎ ልብዎንና ደምዎን መርምሮ ከፈቀደ በኋላ ወደ እንቅስቃሴ የሚመለሱበት መንገድ ዝግ ያለ ይሁን። በአመጋገብ ሕመም ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚስማሙበት አካሄድ በደረጃ የሚፈቀድ ነው፤ በመጀመሪያ ላብ የማያወጣና ትንፋሽን የማያቋርጥ ቀላል ማፍታቻ፣ ቀጥሎ ከሰው ጋር እያወሩ የሚደረግ አጭር የእግር ጉዞ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በባለሙያ ክትትል የሚሠራ ቀላል የጡንቻ ማጠናከሪያ፤ ሩጫና የመሳሰለው ከባድ ሥራ በመጨረሻ ይመጣል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የቀን ብዛት አይደለም፤ ክብደት ሳይወርድ፣ ምግብ ሳይጎድል፣ ምርመራው ሳይበላሽ፣ ዕረፍትም ያለ ብዙ ጭንቀት መታለፉ ነው። ክብደት ከወረደ ወይም ምግብ መቅረት ከጀመረ ወደ ቀደመው ደረጃ ወዲያውኑ ይመለሳሉ፤ ይህን እንደ ቅጣት ሳይሆን ሐኪም የመድኃኒትን መጠን እንደሚያስተካክል አድርገው ይዩት። ማለዳ በባዶ ሆድ ምንም ዓይነት እንቅስቃሴ እንዳያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ከእንቅስቃሴው በፊት ዳቦ በማር ወይም አንድ ሙዝ፣ ከዚያም በኋላ ሳይዘገዩ በሶ፣ ወይም እንቁላል በዳቦ፣ ወይም አቮካዶ፣ ወይም ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ጥሩ ምግብ ይኑር፤ ይህም ከመደበኛው ገበታ የሚቀነስ ሳይሆን በእርሱ ላይ የሚጨመር ነው።

የእንቅስቃሴው ዓይነትም ቦታ አለው። ርቀቱና ሰዓቱ የሚቆጠር ብቸኛ ስፖርት ለጊዜው ቢቀር ይሻላል። ሰው ያለበት፣ ጨዋታ ያለበት፣ ማንም የማይቆጥረው እንቅስቃሴ የተሻለ ነው፤ ከእህት ጋር እስክስታ፣ ከጓደኞች ጋር መረብ ኳስ፣ እሑድ ከቤተሰብ ጋር ቀስ ያለ ሽርሽር። ጂም መሄድ በሚፈቀድልዎ ጊዜ ስለ ሕመምዎ ለአሠልጣኙ መንገር ያስፈልጋል፤ ሚዛን ላይ እንዲያወጣዎት ወይም «ይህን ያህል አቃጥይ» እንዲልዎት አይፍቀዱለት። መልካሙ ዜና በአግባቡ የሚመራ እንቅስቃሴ ማገገምን እንደማይጎዳ፣ አንዳንዴም እንደሚያግዝ መታየቱ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ የኖርዌይ ጥናት፣ ክብደታቸው ጤናማ ክልል ውስጥ ሆኖ ቡሊሚያ (ብዙ በልቶ ከዚያ በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ለማካካስ የመሞከር ሕመም) የነበረባቸው ሴቶች በአሠልጣኝ የሚመራ ስፖርት ሲሰጣቸው ከሕመማቸው መሻሻል አሳይተዋል። እነዚህ ሴቶች ግን ከእርስዎ የተለየ ሕመም የነበረባቸው፣ ፕሮግራሙም በሌላ ሰው የሚመራ እንደነበር ልብ ይበሉ።

ስለ ጾምና ስግደት የጠየቁት ጥያቄ በውጭ አገር በሚጻፉ መመሪያዎች ውስጥ የማይገኝ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። አኖሬክሲያ ያለባት ሴት ምግብ የምትተውበትን ጊዜ በሃይማኖት ስም ስታራዝም ማንም አይጠረጥራትም፤ እንዲያውም ትመሰገናለች፤ ለዚህም ነው በጾም ወራት ሕመሙ በጸጥታ የሚያገረሸው። ቤተ ክርስቲያን ግን ለሕሙማን ጾሙን ታቀላለች፤ ውሳኔውም በንስሐ አባት ምክር የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ጋር ተቀምጠው ሕመሙን በስሙ ይንገሩዋቸው፤ ከቻሉ ከሐኪምዎ የተጻፈ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። «ትንሽ ደክሞኛል» ብቻ ብለው ከነገሯቸው የሚሰጡት ምክር ለደከመ ሰው የሚሰጥ ምክር ይሆናል። ጥያቄው ከሙስሊም እህቶች ቢመጣም መልሴ ተመሳሳይ ነው፤ በቁርኣን ሁለተኛው ምዕራፍ የታመመ ሰው በረመዳን ፆሙን አፍርሶ በሌሎች ቀናት እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል፤ እርስዎን በመሰለ ሁኔታ ላይ ያለችው ሴት ማካካሻውንም ሳትድን እንዳትጀምር ከሐኪምና ከሃይማኖት አዋቂ ጋር መነጋገር አለባት።

ስግደት አምልኮ ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ለጉልበቱ የሚከፍለው ዋጋ በምክንያቱ አይለወጥም። በሕማማት ሳምንት፣ በተለይም በስቅለት ዕለት፣ ሳይበሉ በመቶዎች የሚቆጠር ስግደት መስገድ ልብዎ ባለበት ሁኔታ ራስን ሊያስት ይችላል። እነዚህም ቢሆኑ ከንስሐ አባት ጋር ሊመከርባቸው የሚገቡ ናቸው፤ ቆሞ ማስቀደስ ለሚያዞራት ሴት ተቀምጣ መጸለይ የሚከለክላት የለም። አንድ ራስዎን የሚፈትኑበት ነገር ልጨምር። በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም፤ ሥርዓቱ ራሱ ያሳርፋል። በእነዚያ ሃምሳ ቀናት ውስጥ በድብቅ የመስገድ ወይም ያቆሙትን ጾም የመቀጠል ግፊት ቢሰማዎ፣ ያ ግፊት ከእምነትዎ እንዳልመጣ ማወቅ ይችላሉ፤ ለንስሐ አባትዎም ለሐኪምዎም ሳይዘገዩ ይንገሩ።

እናትዎን በሚመለከት፣ ልጃቸው በምግብ ስትሰቃይ አይተው ማለዳ ተነሥታ ስትሮጥ ሲያዩ ደስ ቢላቸው አይፈረድባቸውም። በአገራችን ሩጫ ክብር አለው፤ የሚሮጥ ሰው ታመመ ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ልብዎና አጥንትዎ ስላሉበት ሁኔታ ከሐኪሙ አፍ ቢሰሙ፣ በዕረፍትዎ ቀን «ዛሬስ አልሮጥሽም?» ከማለት ይልቅ ምሳውን አብረውዎት እንዲበሉ መጠየቅ ይቻላል። ጓደኛዎም ብትሆን የሩጫ ባልንጀራ ብቻ ከምትሆን የእግር ጉዞ ባልንጀራ እንድትሆን ይጠይቋት፤ እውነተኛ ወዳጅ ከሆነች አትከፋም።

ውድድሩን በተመለከተ፣ ታላቁ ሩጫ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል፤ የሚቀጥለው ዓመትም አለ። የሚመዘገቡበትን ዓመት ቀን መቁጠሪያ አይወስንልዎ። የወር አበባዎ ያለ መድኃኒት ተመልሶ ለተከታታይ ወራት ሲጸና፣ የልብ ምርመራዎ ደኅና ሲሆን፣ ያለ ሩጫም ምሳዎን ያለ ጭንቀት መብላት ሲችሉ፣ ያኔ ከሐኪምዎ ጋር ቁጭ ብለው ይወስኑ። 10 ኪሎ ሜትሩን መሮጥ መቻልዎ ብቻ ለመሮጥ መፈቀድዎን አያመለክትም፤ በዚህ ሕመም ውስጥ ያለ ሰው ሰውነቱ እየተጎዳ እንኳን ረጅም ርቀት ሊሮጥ ይችላል።

ኢሲጂውንና የደም ምርመራውን ግን ለሚቀጥለው ቀጠሮ አያቆዩት፤ በዚህ ሳምንት ውስጥ ይደረግልዎ። እስከዚያው ከመራመድ ያለፈ እንቅስቃሴ አያድርጉ፤ መራመዱም የሚያደክምዎ ከሆነ ይቅር። ራስዎን ከሳቱ ወይም ሊስቱ ከደረሱ፣ ልብዎ ያለ ምክንያት ከደለቀ ወይም ምት ከዘለለ፣ ደረትዎን ካመመዎ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ እግርዎ ካበጠ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከሰው ጋር ይሂዱ፤ እንደ ደረሱም ስለ ሩጫው ከመናገርዎ በፊት አኖሬክሲያ እንዳለብዎ ለተረኛው ሐኪም ይንገሩ።